በበረዶ የቀለጠው ቀይ ካርድ

በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በበልግ፣ በዐቢይ ጾም። ደብረ ዘይት አልፎ የገብር ኄር ዋዜማ፣ ቅዳሜ ነበር። ከጉና የመጣ ጥቁር ደመና ከቀትር በኋላ ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ በረዶውን አራገፈው። እኔ ቤት ነበርኩ። ቆርቆሮው ሲጮህ አማተብኩና ለጓሮ ጎመኔ አዘንኩ። በዚያው ሰዓት ኳስ ሜዳ ላይ አንድ ቀይ ካርድ መቅለጥ መጀመሩን አላወቅሁም።

ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ለማወቅ የሚያነብ ካለ ከወዲሁ ልንገረው፤ እኛ አልወሰድንም። የምጽፈው ስለ አንድ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታ ሊሰሙ ተሹመው ጆሯቸውን ስለደፈኑ ሰዎችም ነው።

ልጄ የስፖርት መምህር ነው። ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት መልስ በጋፋት በኩል ያሉትን ወጣቶች ያሠለጥን ነበር። ገሚሶቹ ተማሪዎች፣ ገሚሶቹ አራሾች ናቸው። ማልያቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ፊታቸውን ከማወቄ በፊት ጭቃቸውን አውቅ ነበር። ግብ ጠባቂው በጎኑ ይወድቃል፤ አምበሉ በጀርባው። አንደኛው ተከላካይ ጭራሽ አይወድቅም፤ የእሱን ማልያ ሳጥብ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ለፋሲካ በተዘጋጀው የከተማው ውድድር ልጆቹ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። የገጠማቸው የመሐል ከተማው ቡድን ነበር። ዘጠኝ ቁጥር የሚለብስ አጥቂ አለው። ሰው ወደ ሜዳ የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው ይባል ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የእኛዎቹ አንድ ለዜሮ ይመሩ ነበር። ከእረፍት በኋላ ዘጠኝ ቁጥር ያንን የማይወድቀውን ተከላካያችንን በቡጢ መትቶ ጣለው። ዳኛው ቀይ ካርድ አውጥቶ አሳየው። ልጁ ማልያውን አውልቆ እየተሳደበ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ በረዶው ወረደ፤ ሜዳው ነጭ ሆነ፤ ዳኛውም ጨዋታውን አቋረጠ። ቀሪው በማግስቱ ከቆመበት ደቂቃ ይቀጥላል ተባባሉና ሁሉም ወደ መጠለያ ሮጠ። ይህን የሰማሁት ከልጄ ነው፤ በእርጥብ ማልያ የተሞላ ከረጢት ተሸክሞ ሲገባ።

"እማ፣ የቀረን ጥቂት ደቂቃ ነው። እነሱ ደግሞ ዐሥር ሆነዋል" አለኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኩት። ማልያዎቹን አጥቤ በምድጃው ዙሪያ ዘረጋኋቸው።

የገብር ኄር ዕለት የሚሰበከው ጌታው በሰጠው ጥቂት ነገር በታማኝነት ሠርቶ ስላተረፈው አገልጋይና የተሰጠውን ስለቀበረው ሰነፍ ነው። ያንን ሰምቼ ከቅዳሴ ስወጣ ጨዋታው ሊጀመር ነው። ሜዳው መንገዴ ላይ ነው። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ። ያየሁትን ወዲያው አላመንኩም። ዘጠኝ ቁጥር፣ ንጹሕ ማልያ ለብሶ፣ እግሩን እያፍታታ ነበር።

አምበላችን ወደ ዳኛው ሄደ። ክስ የሚያስይዘው አምበል ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል፤ ልጄም ያስተማረው እንደዚያ ነው። ዳኛው ወጣት ነው፤ ጥሩ የተወለደ ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ። አምበሉን እየሰማ ዓይኑ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ተከትዬ አየሁ። የውድድር ኮሚቴው ሰብሳቢ ፀሐይም ዝናብም ሳይኖር ሰማያዊ ጃንጥላ ዘርግቶ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። በእጁ "ይጀመር" የሚል ምልክት ሰጠ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ።

ያን ጊዜ ነው ልጄ መሥመሩን ያለፈው።

"ትናንት በቀይ ያስወጣኸው እኮ ነው!"

"ትናንት ትናንት ነው። ዛሬ ሌላ ቀን ነው" አለ ዳኛው፤ ድምፁ ግን የራሱ አይመስልም።

"ጎሉስ? ጎሉም የገባው ትናንት ነው!"

"ጎሉ ይቆጠራል።"

ከኋላዬ አንድ ሰው ጮኸ። "ስሙ ወገኖቼ! ጎሉ ከበረዶው ተርፏል፤ ካርዱ ግን ቀልጧል!" ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ዳኛው አፈረ። ያፈረ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ልጄን መሥመር አልፈሃል ብሎ ከሜዳ አስወጣው። አጠገቤ የቆመች ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ያንቺ ልጅ ነው መሥመር ያለፈው?"

"አዎ።"

"እንኳን አለፈ!" አለችኝ።

ዘጠኝ ቁጥር ሁለት ጎል አገባ። ጨዋታው ሁለት ለአንድ አለቀ። ልጆቹ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ተከታትለው ሄዱ። ያን ቀን ማልያዎቹ ከወትሮው ይልቅ ንጹሕ ነበሩ።

ከሰኞ ጀምሮ ልጄ ኮሚቴው ዘንድ ተመላለሰ። ማታ ማታ የሰማውን ይነግረኝ ነበር፤ እኔም ምስር እየለቀምኩ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ክሱ በቃል ስለሆነ አይታይም አሉት። ጽፎ ወሰደ። ቀጥሎ አሠልጣኝ ሳይሆን አምበል መፈረም አለበት አሉት። አምበሉ ፈረመ። ከዚያ ደግሞ አንድ አዲስ ጥበብ ተገኘ። ክስ የሚያዘው ኳስ ሲቆም ነው፤ አምበሉ ክስ ያስያዘው ግን ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ያልተጀመረ ኳስ ደግሞ አልቆመም፤ ስለዚህ ክስ አልተያዘም።

"ይህን ሰው ነው የተናገረው?" አልኩት።

"ሰብሳቢው ነው፣ እማ። 'ከአሠራር አኳያ' ብሎ ነው የጀመረው።"

ሰብሳቢው ማንኛውንም ነገር "ከአሠራር አኳያ" ወይም "በመርህ ደረጃ" ብሎ ካልጀመረ መናገር የማይችል ሰው ነበር። ቄስ በስመ አብ ይጀምራል፤ ለማኝ በመላእክት ስም ይጀምራል፤ እሱ በመርህ ደረጃ ይጀምራል። ደንቡንም ያነብባል፤ ግን እንደ ዳገት ነው የሚያነብበው፣ እስከሚመቸው ድረስ ሄዶ ይቀመጣል። አሠልጣኝ መሥመር አያልፍም የሚለውን አንብቦ ያርፋል። በቀይ የወጣ ተጫዋች አይመለስም የሚለው ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል።

ረቡዕ ዕለት ልጄን ብቻውን ጠራው። "ክሱን አንሣ። መሥመር ማለፍህን እንረሳልሃለን። ካላነሣህ ሁለት ዓመት ከማሠልጠን ትታገዳለህ" አለው።

"የልጆቹን ክስ አላነሣም" አለ ልጄ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚወስድ መንገድ የፈለጉት። ልጄ የማንንም ቃል ቢጥል የእኔን አይጥልም። አባቱ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ነው የኖርነው፤ ተመስገን። ይህን ሰፈሩ ያውቃል። እኔ ደግሞ የንስሐ አባቴን ቃል አልጥልም። ይህንንም ያውቃሉ። ደንብ አንብቦ መጨረስ ያቃተው ሰው ይህን ያህል አስቦ መምጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ውሻው ሲጮህ ወጣሁ። ከፊት የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጎናቸው ሽማግሌው ጎረቤታችን ናቸው፤ ሙስሊም ነጋዴ፣ ከሰፈሩ እርቅ የማይቀሩ ሰው። ከእነሱ ኋላ ሰብሳቢው ጃንጥላውን አጣጥፎ ይዟል። መጨረሻ ላይ ያ ወጣት ዳኛ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል።

በእኛ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ "ማሩኝ" ይላል። ተበዳይ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። የሚሸከመው የበደለው ነው። ሰብሳቢው ግን ለድንጋዩም ሰው መድቦለታል።

ድንጋዩን ሳየው አወቅሁት። አንድ ጎኑ የድንጋይ ሽበት አለው። ከአጥሬ ጥግ ነበር የነቀሉት። ከቢሯቸው እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ነው። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ሲመጡ የሚሸከሙትን እንኳ ከእኔው ወሰዱ።

"ቤት ለእንግዳ" አልኩና አስገባኋቸው። ልጄም ከትምህርት ቤት መጥቶ ነበር፤ ከጥግ ቆመ። የጾም መፍቻው ሰዓት ስላልደረሰ የማቀርበው የለም። ሰብሳቢው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ከእርቅ በኋላ አብሮ መብላት አለ፤ ከተበላ በኋላ ነገር አይነሣም። ነገሩን በአንድ ጉርሻ ለመዝጋት ሳይቸኩል አልቀረም። ጾሙን ለሠሩልን አባቶች ያን ቀን ምስጋና አቀረብኩ።

የንስሐ አባቴ ቀስ ብለው ጀመሩ። "ልጄ፣ ሰሙነ ሕማማት እየደረሰ ነው። ቂም ይዞ መግባት መልካም አይደለም። ልጅሽን አንድ ቃል በይው፤ ነገሩ በዚሁ ይለቅ።"

እምቢ ብል የንስሐ አባቴን መግፋት ነው፤ ለትንሣኤ ልቆርብም እየተዘጋጀሁ ነበር። እሺ ብል ልጄን በገዛ አፌ መስበር ነው። ልጄን አየሁት። መሬቱን ያያል። አንድ ቃል ብናገር እሺ እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

"አባቴ፣ እንደ ወጉ ይሁንልኝ" አልኩ።

"እንደ ወጉ ይሁን" አሉ። ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። "እንግዲህ በዳይ በደሉን ይናገር።"

ሰብሳቢው ይህን አልጠበቀም። ከእርቅ ድንጋዩንና ጉርሻውን አስታውሶ መሐል ያለውን ረስቶታል። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባታችን፣ በመርህ ደረጃ ሁላችንም ሰው ነን። ስሕተት ያጋጥማል። ዝርዝሩ ግን የሙያ ጉዳይ ነው።"

ሽማግሌው ነጋዴ ሳቁ። "እንዴ! በጉ የጠፋበት ሰው ፊት ቆሞ 'በመርህ ደረጃ በግ ይጠፋል' ይባላል?"

"ሐጂ፣ ኳስ እኮ እንደ በግ አይደለም።"

"ድንጋዩ ግን ያው ድንጋይ ነው" አሉት።

የንስሐ አባቴ አልሳቁም። ወደ ወጣቱ ዳኛ ዞሩ። ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበርክኮ ነበር፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ማንም አውርድ አላለውም።

"ድንጋዩን የያዝከው አንተ ነህ፣ ልጄ። ምን በደልክ?"

ዳኛው መስቀሉን አየ። ሰብሳቢውን አየ። መልሶ መስቀሉን አየ።

"አባቴ፣ ቅዳሜ በቀይ ያስወጣሁትን ልጅ እሑድ አስገብቻለሁ።"

"ሳታውቅ ነው?"

"እያወቅሁ ነው።"

"ስለ ምን?"

"ያለ እሱ ፍጻሜው አይደምቅም ተብዬ ነው። በረዶው አዲስ ጨዋታ አድርጎታል በል ተባልኩ።"

ሰብሳቢው ብድግ አለ። ጃንጥላው ከእጁ ወደቀ። "ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም!"

"ታዲያ እኛን ለምን አመጣኸን?" አሉ ሽማግሌው ነጋዴ። "እኔ እኮ ሱቄ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ጠርተህ፣ ከሴትዮዋ ቤት አስገብተህ፣ አስቀምጠህ አሰማኸኝ። አሁን ደግሞ አልሰማህም በል ትለኛለህ? በረዶ ጥፋት ሲያጥብ ዛሬ ሰማሁ፤ ይኸው ደግሞ ጆሮዬንም ልታጥበው ነው!"

እንዲህ ነው የሆነው። ደንቡን ለመሸሽ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ሽማግሌም ደንብ አለው። ያንኛውን እስከ መጨረሻው እንዳላነበበው ሁሉ ይህንንም አላነበበውም።

የንስሐ አባቴ ልጄን ጠየቁት። "አንተስ?"

"መሥመር አልፌያለሁ፣ አባ። አይፈቀድም። ቅጣቱን እቀበላለሁ።"

"ሌላ?"

"ሌላ የለም።"

ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ። ተነሣሁ። ወደ ዳኛው ሄጄ "ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ። አውርደው፣ ከብዶሃል" አልኩት። ድንጋዩን እኔው ራሴ ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩት። ዳኛው ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ከእነሱ ወገን የበደለውን የተናገረ እሱ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አልረሳውም።

ሰብሳቢው እፎይ አለ። "እንግዲህ ታረቅን፤ ተመስገን! ክሱ ይነሣላ።"

"ይቅርታው የእኔ ነው፤ ሰጥቻለሁ" አልኩት። "ክሱ ግን የእኔ አይደለም። የተበደሉት ማልያውን የለበሱት ልጆች ናቸው። በእነሱ ስም ይቅር የምል እኔ ማን ነኝ?"

ወደ ንስሐ አባቴ ለማየት ፈራሁ። እሳቸው ተነሡ፤ ወደ እኔ መጡና መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉት።

"እውነቷን ነው" አሉ። "የሰውን ቁስል ሌላ ሰው አይምርለትም። ሐጂ፣ ተነሡ እንሂድ።"

"ወዴት ነው?" አለ ሰብሳቢው።

"ወደ ቢሮህ። የሰማነውን ለተቀሩት ልንነግር ነው። ቃል ሰምቶ መቅበር ስንፍና ነው።"

ሽማግሌዎቹ ፊት ፊት ሄዱ። ዳኛውና ልጄ ተከተሏቸው። ሰብሳቢው ጃንጥላውን አንሥቶ ከኋላቸው ሮጠ፤ ደመና ሳይኖር ዘረጋው።

ሹሮውን አውጥቼ ጾሜን ስፈታ ልጄ ተመለሰ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ወስኗል። ከበረዶው በኋላ ያለው ቀሪ ጨዋታ ይደገማል፤ የመሐል ከተማው ቡድን በዐሥር ሰው ይጫወታል፤ ልጄ መሥመር በማለፉ ያንን ጨዋታ ከአጥር ውጭ ሆኖ ያያል።

"ተሳስተናል አሉ?" አልኩት።

"የለም። 'ኮሚቴው በራሱ ተነሣሽነት ጉዳዩን መርምሮ' ነው ያሉት።"

ልጄ ሳቀ። እኔም በጾሙ ወራት ብዙ ላለመናገር "በራሱ ተነሣሽነት!" ብዬ ተውኩት። ሽማግሌ መጣ አላሉም፤ ዳኛ ተናገረ አላሉም፤ ድንጋይ አልነበረም። እውነት በራቸው ድረስ ሄዳ ስታንኳኳ ከፍተው እኛ ነን የጠራንሽ አሏት። ሰብሳቢው በወንበሩ ቆየ። ያ ወጣት ዳኛ ግን የቀረውን ጨዋታ ፊሽካ አልተሰጠውም፤ "ከአሠራር አኳያ" ተብሎ።

ልጄ ቁጭ ብሎ አብሮኝ በላ። ሲጨርስ እጄን ስሞ "እማ፣ እሺ በል ብትይኝ እሺ እል ነበር" አለኝ።

"አውቃለሁ። ተመስገን፣ አላልኩህም።"

ቀሪው ጨዋታ በሳምንቱ ተደገመ፤ ልጆቹም አንድ ለዜሮ እንደመሩ ጨረሱ። በፍጻሜው ከእነሱ በሚሻል ቡድን ተሸነፉ። የዚያን ቀን ማልያ እስከ ዛሬ ካጠብኩት ሁሉ የቆሸሸ ነበር።

ግን ያ ኋላ ነው። ከሽማግሌዎቹ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ጓሮ ስወጣ የጎረቤት ፍየሎች በተነቀለው ጥግ ገብተው ከበረዶ የተረፈውን ጎመኔን ይቀረጥፉ ነበር። አባረርኳቸው። ድንጋዩን ከቤት አውጥቼ፣ ሽበታሙን ጎን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ከነበረበት አጥር መለስኩት። በእግሬ ገፋ አድርጌ አየሁት፤ አልተነቃነቀም። እጄን ታጠብኩና ነጠላዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።